በፓስቶራ ሣጥን ውስጥ የተገኘችው ሴት

የፓስቶራን ሣጥን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሙሾ የምናወርደው ሴቶች ሳሎኑን ሞልተን ጉሮሯችንን እናሟሻለን። ወንዶቹ በረንዳው ላይ ዶሚኖ ዘርግተዋል። በሰፈራችን ሰው ሲሞት የምገንዘው እኔ ስለሆንኩ ልጇ ኤርሜስ ብሎኑን ፈትቶ ክዳኑን አነሳልኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«እማማ ኡበርቲና፣ አንቺ አልብሻት። እኔ አላይም» አለኝ።

ሆስፒታሉ አጥቦ፣ በነጭ አንሶላ ጠቅልሎ፣ አንሶላውን በፕላስተር አሽጎ ነው የሚያስረክበው። የሆስፒታል እጥበት ግን የእኛ እጥበት አይደለም። እኔ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ውሃና የምትወደውን ሰማያዊ ቀሚስ ይዤ ቀርቤያለሁ። ስገንዝ ከእግር ነው የምጀምረው። አንሶላውን ከግርጌ እስከ እጇ ገለጥ አድርጌ እግሮቿንና እጇን ሳይ ቀሚሱ ከእጄ ወደቀ። የሣጥኑን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። ሴቶቹ ለጓደኛዬ ያዘንኩ መስሏቸው «አይዞሽ» አሉኝ።

ከዚያ ፕላስተሩን ላጥኩና ፊቷን ገለጥኩ።

ፓስቶራ አይደለችም። ከፓስቶራ ጋር አርባ ዓመት ሙሾ አውርጃለሁ፤ የፊት ጥርሷን ክፍተት በጨለማ እለየዋለሁ። ይህቺኛዋ አገጯ ላይ የቆየ ጠባሳ ያላት፣ ነጭ ፀጉሯን ለሁለት የተጎነጎነች፣ የማላውቃት አሮጊት ናት። ዕድሜዋም፣ ቁመቷም፣ ጥቁረቷም የፓስቶራ ነው። በቀኝ እጇ አንጓ ላይ በሰማያዊ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን የታሰረ የሆስፒታል ካርድ አለ። ካርዱ ላይ «ፓስቶራ ሜና» ይላል።

ኤርሜስ ዞሮ አየ።

«እናቴ የት ናት?» አለ። ቀጥሎ ደግሞ የማያውቃትን ሴት እጅ አየና፣ «ቀለበቷስ?» አለ።

የፓስቶራን ቀለበት የማያውቅ የለም። አባቷ ከወንዙ አሸዋ ባጠበው ወርቅ ያሠራላት ነው። ኤርሜስ ወደ እኔ ሲዞር ዓይኑ ተለውጧል።

«እማማ፣ ሰኞ እናቴን ያጠበቻት ያንቺ የልጅ ልጅ አይደለችም?»

ዳይራን ማለቱ ነው። እናቷ ካረፈች ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በሆስፒታላችን የሴቶች ክፍል ረዳት ነርስ ሆና ከተቀጠረች ገና ስድስት ወሯ። የምትለብሰውን ነጭ ልብስ በየማታው የምተኩሰው እኔ ነኝ፤ እሷ ክርፍፍ አድርጋ ስለምትተኩስ። በዚያች ሰዓት የመጣልኝ ሐሳብ ይኼ ብቻ ነበር፦ ልጅቷን ሊነጥቁኝ ነው።

*

ኢንስፔክተር ክሊማኮ ኢባርግዌን ከሳን ሁዋን ወንዝ ወገን የተወለደ፣ ሃምሳን ያለፈ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ረቡዕ ጠዋት በአራት ሰዓት የዳይራን ምሳ ይዤ ሆስፒታል ስደርስ በሴቶች ክፍል ኮሪደር ላይ ከእሷ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምሳ በአራት ሰዓት?» አለኝ።

«እንዳይበርድ ብዬ ነው።»

«ቶሎ ሲመጣ ነው የሚበርደው፣ እማማ» ብሎ ከጎኗ ቦታ ለቀቀልኝ። አላባረረኝም። አሁን ሳስበው ሆን ብሎ ነው ያስቀመጠኝ።

ዳይራ ሁለቱ ሴቶች ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ልዩነት እንደሞቱ ነገረችው። አንደኛዋ ፓስቶራ ናት። ሁለተኛዋ ሌኦካዲያ የምትባል፣ ፕላያ ኦንዳ ከሚባል የላይኛው ወንዝ መንደር የመጣች ባልቴት። ሁለቱንም የገነዘቻቸው እሷው ነበረች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ ምንም ሳትዘዪ» አላት።

«ሐኪሙ ካረጋገጠ በኋላ ዓይናቸውን ከደንኩ። ራሳቸውን በትራስ ቀና አደረግሁ፣ ፊታቸው እንዳይጠቁር። ቱቦና መርፌውን ነቀልኩ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ለእማማ ሌኦካዲያ መለስኩላቸው፤ ቆይቶ አይገባም። አገጫቸውን ደገፍኩ። አጠብኳቸው። ከዚያ የሁለቱን እግር አውራ ጣቶች በፋሻ አንድ ላይ አሰርኩና ካርዱን እዚያው ላይ አንጠለጠልኩት። ጠቅልዬ አሸግኩ። እግራቸው ብቻ ነው ከውጪ የሚታየው፣ ካርዱ እንዲነበብ።»

«ካርዱ አንድ ብቻ ነው?»

«ሁለት መሆን ነበረበት። እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ካርድ ካለቀብን ወር አልፎናል።»

«ቀለበቱ?»

«አልወጣ አለ። ጣታቸው አብጦ ነበር። በፕላስተር ሸፍኜ መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ። ከእኔ ጋር ሌላ ነርስ ፈርማለች።»

ኢንስፔክተሩ መዝገቡን አየ፤ እንዳለችው ነው። ቢሆንም «ከተፈረመ በኋላስ ማን አየው?» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ዳይራ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ትቆጥር ጀመር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈራ እንደዚያ ናት። እጇን ያዝኩት። በረዶ ነው።

ከዚያ ወደ ሬሳ ቤቱ ወረደ። ሬሳ ቤቱን የሚጠብቀው ኔፍታሊ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት እዚያው የሠራ፣ «የኔ ደንበኞች አያማርሩም» እያለ የሚያስቀን ሰው። ያን ዕለት ግን አላሳቀንም። በሩ አይገጥምም፤ እኔም የሳህኑን ክዳን ያጣሁ መስዬ ደረጃው ላይ ቆምኩና አዳመጥኩ።

«ይኼ ናይለን የማነው?»

«የኔ ነው ጌታዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ አጠምዳለሁ።»

«ካርዱን ከእግር ወደ እጅ ምን አመጣው?»

«ሰኞ ቀትር ላይ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ሁለቱም ካርዶች ወለሉ ላይ ናቸው። የጣሪያው ማራገቢያ እየዞረ ነበር። ፋሻው የለም። እግራቸው የሁለቱም ተፈትቷል።»

«ፋሻው የለም ማለት?»

«የለም ማለት የለም። ቆሻሻ ቅርጫቱን ሁሉ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ማን ማን እንደሆነች በምን ለየህ?»

«ካርዱ ወደ ወደቀበት አልጋ…»

«ፊታቸውን አላየህም?»

«ፊታቸው የታሸገ ነው። ካርዱ ዳግም እንዳይወድቅ እጃቸውን ብቻ ከአንሶላው ስር ስቤ በናይለን አሰርኩበት። ብከፍተው ማን ከፈተው ሊሉኝ ነው። ብናገር ደግሞ በሩን ሳትቆልፍ ለምን ሄድክ ሊሉኝ ነው።»

«ጠጥተህ ነበር?»

«ምሳ ነው የበላሁት።»

«ምሳህ ስንት መለኪያ ነበር?»

ኢንስፔክተሩ ከመሳቢያው ግማሽ ጠርሙስ የአገዳ አረቄ አወጣ። ወጥቶ ሲያልፈኝ እንኳን ቀና ብሎ አላየኝም። «ክዳኑ ሳህኑ ስር ነው፣ እማማ» አለኝ።

*

ከሰዓት በኋላ እኔን ጠየቀኝ። ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ስር አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

«የሌኦካዲያ ልጆች ሬሳቸውን ሰኞ በስምንት ሰዓት ነው የወሰዱት። ሙቀት ስለሆነ ሣጥኑ እዚሁ ታሽጎ፣ በሞተር ጀልባ ሄዶ፣ በነጋታው ጠዋት ተቀብሯል። ኤርሜስ ደግሞ ከሚሠራበት የማዕድን ማውጫ እስኪመጣ ፓስቶራ እስከ ማክሰኞ ቆየች። እንግዲህ የተደረገው ሁሉ ኔፍታሊ ምሳ በወጣበት፣ ከስድስት እስከ ስምንት ባለው ጊዜ ነው። ሰኞ ምሳ አምጥተው ነበር?»

«በየቀኑ አመጣለሁ። ካልመጣሁ ዳቦ ቆርጣ ነው የምትውለው።»

«ዳይራ ከስድስት እስከ ስምንት የት ነበረች?»

የነገርኩትን ልክ እንደነገርኩት እጽፈዋለሁ፤ ያልነገርኩትን ደግሞ በቦታው እጽፋለሁ። «እዚሁ አግዳሚ ላይ» አልኩት። «ከኔ ጋር። ዓሣና አረንጓዴ ሙዝ ነበር ያመጣሁላት። ከተቀመጥንበት አልተነሳንም። ሬሳ ቤቱ አጠገብም አልደረስንም።»

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም።»

ጻፈው። እኔም ፈረምኩ። ሳላመነታ ነው የፈረምኩት፤ ለዚያም አፍራለሁ።

ዳይራም ያንኑ ቃል ሰጠች፤ ከኔ ጋር ከአግዳሚው እንዳልተነሳች። አስቀድመን አልተነጋገርንም ነበር። ያኔ ይኼን እንደ ዕድል ቆጠርኩት።

ኢንስፔክተሩ ሣጥን የሚያመላልሰውን የመኪና ሹፌርም ይዞ ነበር፤ ቀለበቱን እሱ ሰርቆ ነው፣ ስርቆቱ እንዳይታወቅ ሬሳ ለዋውጦ ነው የሚል ወሬ ገበያውን ሞልቶታልና። ሹፌሩ ግን ሰኞ ቀን ሙሉ ጎማው ፈንድቶ ገበያው መሃል ቆሞ ውሏል። ዓሣ ሻጮቹ ሁሉ መሰከሩለት፤ አንዷማ «ጎማ መቀየር የማይችል ሰው ሬሳ እንዴት ይቀይራል?» አለች አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ኔፍታሊን አሰሩት። አረቄ ነበረው፣ ናይለኑ የሱ ነው፣ በሩ በእሱ እጅ ነው። እኔ ደግሞ በሰጠሁት ቃል ራሴንና ዳይራን ከበሩ አርቄያለሁ። ሚስቱ ኦርፊሊያ በቤቴ በኩል ስታልፍ በመስኮት አየኋት፤ ከረጢት ውስጥ ብርድ ልብስ ይዛ ወደ ጣቢያው ትሄዳለች። ጣቢያው እርጥብ ነው። ኔፍታሊ ደግሞ ደረቱን ያመዋል። መስኮቱን ዘጋሁ።

ዳይራንም ሆስፒታሉ ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ አገዳት። ከገበያ ስንመለስ ኤርሜስ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ነበር።

«ነርሷ፣ ዛሬ ማንን አጠብሽ? ከማጠቢያው ስር ወርቅ ተገኘ?»

ዳይራ አንገቷን ደፋች። «አንተ ልጅ፣ እናትህ አሁን ብትሰማህ…» አልኩት።

«እናቴ አትሰማኝም፣ እማማ። የት እንዳለችም አላውቅም።»

ልክ ነበር። ዳይራን በክንዷ ጎትቼ ሄድን።

*

ኢንስፔክተሩ ሐሙስ መቃብር የሚያስከፍት የትዕዛዝ ወረቀት ይዞ ወደ ፕላያ ኦንዳ በጀልባ ወጣ። ዓርብ ከሰዓት ተመለሰና ከጀልባው ቀጥታ ወደ ኤርሜስ ቤት ሄደ። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ቀን የሚጸለየውን ጸሎት ያለ ሬሳ ጀምረነው ነበር፣ ሰው ምን ያድርግ።

«እናትህ ተገኝታለች» አለው። «የተቀበረችው እዚያ ነው። በሌኦካዲያ ስም፣ በሌኦካዲያ መቃብር። ነገ ይመለሳሉ፤ ሁለቱም በየቤታቸው ይገባሉ።»

«ቀለበቱ?»

«ጣቷ ላይ ነው። በፕላስተር ተሸፍኖ፤ ልጅቷ እንደጻፈችው።»

ኤርሜስ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሩ ቆሞ አየውና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማክሰኞ ሬሳ ቤቱ ስትፈርም ፊቷን ክፈቱልኝ ብትል ይከፍቱልህ ነበር። ለምን አላልክም?» አለው።

«አልቻልኩም» አለ ኤርሜስ። «በበዓል እመጣለሁ ብያት ሁለት ዓመት አልመጣሁም። ምን ብዬ ነው ፊቷን የማየው?»

ኤርሜስ ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ ለዳይራ ይቅርታ በይልኝ፤ ራሴ መጥቼም እላታለሁ» አለ። ይቅርታ ሲጠይቀኝ ያመመኝን ያህል ሲሰድበን አላመመኝም።

ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አነሳ። «እማማ፣ ቤትዎ ላድርስዎ» አለኝ።

በረንዳዬ ላይ ተቀመጥን። ከወንዙ የሚመጣው ንፋስ እርጥብ ነው። ዳይራ ውስጥ ነበረች፤ ሳህን ስታጥብ ይሰማኛል። ቦሮሆ የሚባለውን ፍሬ ጭማቂ ሰጠሁት፤ ግማሹን ጠጣ።

«ሌባ አልነበረም» አለ። «ሌባ ወርቁን ትቶ ፋሻውን አይወስድም። ስለ ፋሻው ነው ሦስት ቀን ሙሉ የማስበው። ሁለት ክንድ የማትሞላ ጨርቅ ማን ይፈልጋል? እርስዎ በዚህ ሥራ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«የእኔ እናት ስታርፍ የገነዘቻት የሰፈራችን ሴት እግሯን አስራ ነበር። ልጅ ስለነበርኩ ሁሉን አላየሁም። እስራቱ የሚፈታው መቼ ነው?»

ሥራዬን ጠየቀኝ፤ እኔም እንደሥራዬ መለስኩለት። ከአፌ እስኪወጣ ድረስ ምን እያልኩ እንደሆነ አላስተዋልኩም። «ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ነው። ታስራ ከተዘጋች ነፍሷ መራመድ አትችልም፤ እዚያው ስትንፏቀቅ ትቀራለች።»

«የተፈታውስ? ይጣላል?»

«ቆሻሻ ላይ አይጣልም። የሚፈስ ውሃ ውስጥ ነው…»

ውስጥ የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

«ሆስፒታል ውስጥስ ማን ይፈታላቸዋል?» አለ በቀስታ።

«ማንም።»

ይኼው፣ ያልነገርኩትን የምጽፍበት ቦታ እዚህ ነው። ሰኞ ዕለት ዳይራ በልታ በሰባት ሰዓት የበሽተኛ መድኃኒት አለብኝ ብላ ተነሳች። እኔ ሳህኑን ሰብስቤ ስወጣ ጠዋት የሰማሁት ትዝ አለኝ፦ የሌኦካዲያ ሣጥን እዚሁ ይታሸጋል። ያቺ ሴት ታስራ ልትሄድ ነው አልኩ። ያ ሁሉ ወንዝ፣ ያ ሁሉ መንገድ። የሬሳ ቤቱ በር ክፍት ነበር፤ ኔፍታሊ አልነበረም። ሁለቱ በየአልጋቸው ተጠቅልለው እግራቸው ብቻ ይታያል። መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። ካርዱን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ብሞክር ጽሑፉ ጉንዳን ነው፤ የትኛዋ ፓስቶራ፣ የትኛዋ እንግዳዋ እንደሆነች መለየት አልቻልኩም። የሙት ፊት ያለ ቤተሰብ አልገልጥም። ስለዚህ ሁለቱንም ፈታሁ። የፓስቶራን እንደሆነ ማክሰኞ ራሴ የምፈታው ነው፣ ምን ይጎዳል ብዬ። ካርዱን በየእግራቸው ሥር አንሶላው ላይ አስቀመጥኩ፤ ፋሻውን ጡቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፤ በድልድዩ ሳልፍ ለወንዙ ሰጠሁት። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነው። መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ካርዱ ካስቀመጥኩበት ከእግሮቹ ሥር ተነስቶ እጅ ላይ በናይለን መታሰሩን ሳይ፣ እኔ የፈታኋቸው ካርዶች መለዋወጣቸውን አወቅሁ። ፊቷን ከመግለጤ በፊት አውቄዋለሁ።

ይኼን ሁሉ ለኢንስፔክተሩ ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ለዳይራ ብዬ ነው የዋሸሁት» አልኩ። «እኔ እዚያ እንደገባሁ ከታወቀ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት ይሏታል። ከሥራ ያባርሯታል።»

«የመድኃኒት መዝገቡን አይቼ ነበር» አለ። «ዳይራ በሰባት ሰዓት አንድ በሽተኛ መድኃኒት ሰጥታለች። ስለዚህ አግዳሚው ላይ አልነበረችም። እርስዎ ለእሷ እንደሚዋሹ ገባኝ። ያልገባኝ እሷ ለምን እንደምትዋሽ ነበር። ያንን መዝገብ ብታሳየኝ ነፃ ትሆን ነበር፤ ግን ደበቀችው።»

ዳይራ በሩ ላይ ቆማለች። እጇ ሳሙና ነው።

«መድኃኒቱን ሰጥቼ ስመለስ በመስኮት አየሁሽ» አለች፣ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ። «ከሬሳ ቤት ስትወጪ አየሁሽ፣ እምዬ። የሆነ ነጭ ነገር ጡትሽ ውስጥ ስትከቺ። ቀለበቱ ጠፋ ሲሉኝ…»

አልጨረሰችውም።

«ወርቅ ሰረቀች ብለሽ አሰብሽ?» አልኳት።

«አላውቅም። ማሰብ አልፈለግሁም። አላየሁም አልኩ።»

አራት ቀን በአንድ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ ስንበላ እኔ እሷን እየጠበቅሁ፣ እሷ እኔን እየጠበቀች፣ ኔፍታሊ ሌሊቱን በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ አድሯል። እንደዚህ ዓይነቱን ጥበቃ ከማን ተማረችው? ከኔ እንጂ።

*

በዚያው ምሽት ሳይጨልም ጣቢያ ሄደን ሁለታችንም አዲስ ቃል ሰጠን። ኔፍታሊን አወጡት። ኦርፊሊያ ብርድ ልብሱን እያጠፈች ነው። ያደገ ፂሙን እያሻሸ ወጣና ሲያየን ፈገግ አለ።

«እማማ ኡበርቲና፣ ልታስፈቺኝ መጣሽ? እግዜር ይስጥሽ። እነዚህ ሰዎች ከደንበኞቼ ጋር እንኳን አያገናኙኝ።»

ከዚህ በላይ እንዲመሰግነኝ አልፈቀድኩም። ሁሉንም ነገርኩት። ፈገግታው ቶሎ አልጠፋም፤ ፊቱ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ነው የወረደው።

«ሲያስሩኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ትናንት ማታም?»

«ትናንት ማታም።»

ሳለ። ረጅም ሳል ነው። ሲጨርስ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ነይ፣ እንሂድ» አላት። ኦርፊሊያ ስታልፈኝ ትከሻዋን ሰበሰበች፣ እንዳትነካኝ።

ቅዳሜ ጀልባው ፓስቶራን ይዞ መጣ። ሌኦካዲያን ልትወስድ ከፕላያ ኦንዳ ልጇ አብራ መጥታለች፤ ቢኒልዳ የምትባል፣ ከዳይራ ትንሽ ከፍ የምትል፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት። የሌኦካዲያን ሬሳ ከሆስፒታል አውጥተው ወንዙ ዳር ባለው የጀልባ መጋዘን ውስጥ አሳርፈውታል፤ ከመጫኑ በፊት ዳግም መገነዝ አለበት። እኔ ቅጠሉንና ውሃውን ይዤ ሄድኩ። ቢያንስ ይኼን ልሥራ ብዬ።

ቢኒልዳ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ኢንስፔክተሩ ነግሯታል።

«እናቴን የፈታሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«ታስራ ልትሄድ ነው ብዬ። ያ ሁሉ መንገድ፣ የሚፈታላት የለም ብዬ አዝኜ…»

«እኛስ?» አለችኝ። ድምፅዋን አላነሳችም። «ሰኞ ሣጥኑ ሳይታሸግ ገብቼ ነበር። መቀስ ይዤ። እጄን ስሰድ እግሯ ተፈትቷል። አንድ ደግ ሰው ቀድሞኛል አልኩ። መርቄሻለሁ፣ ማን እንደሆንሽ ሳላውቅ። ታስራ ባገኛት ካርዱም እግሯ ላይ ይኖር ነበር፤ አነበው ነበር። እኔ ማንበብ እችላለሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የገጠር ሰው ስለሆንን እናታችንን አስረን የምንሸኝ መሰልንሽ?»

መስሎኝ ነበር። ልክ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። እነሱም ሰው፣ እነሱም ገናዥ፣ እነሱም መቀስ እንዳላቸው አንዴም አላሰብኩም።

«ይቅር በይኝ» አልኩ።

ይቅር አላለችኝም፤ እምቢም አላለችኝም። ከኋላዬ የቆመችውን ዳይራን አየቻት።

«በሆስፒታል ያጠበቻት ይቺ ናት?»

«አዎ» አለች ዳይራ።

«ጥርሷን የመለስሽላት አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጥሩ አድርገሽ ነበር። ግቢ፤ አብረን እንሠራለን። እሳቸው ግን እናቴን አይነኩብኝም።»

ዳይራ ውሃውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሥራዋን ይመልሱላት እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ ለውሸቷ ሆስፒታሉ ሰኞ ሊያናግራት ጠርቷታል። ጣቶቿን ግን አልቆጠረችም። «እምዬ፣ አንቺ ውጪ ጠብቂ» አለችኝና ገባች። በሩ ተዘጋ።

ለቀስተኛ ወንዶቹ ወዳሉበት ሄድኩና ባዶ የዓሣ ሣንዱቅ ላይ ተቀመጥኩ። ከፕላያ ኦንዳ የመጣች አንዲት አሮጊት፣ እኔን የማታውቅ፣ ወንበር ይዛልኝ መጣች።

«እትዬ፣ ገናዥ ነሽ አሉኝ» አለች። «ምነው ውጪ ተቀመጥሽ?»

ለምን እንደሆነ ነገርኳት።